ሁለት ጊዜ የተጠራች ኦዚት

ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባዋ ከጭቃው ማዶ ስለቀረች፣ ባዚል ቄሱን በጀርባው አዝሎ ወደ ዳር እያመጣቸው ነበር። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ይውጠዋል። እናቱ ሉዲቪን የልጇን የእንጨት ጫማ በአንድ እጇ፣ የቀሚሷን ጫፍ በሌላው ይዛ ድንጋይ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አባ ሎርሚየ ክረምቱን ኬቤክ ጳጳሱ ዘንድ ከርመው መመለሳቸው ነው፤ ደህና ሲበሉ እንደከረሙ ከልጁ አረማመድ ያስታውቃል። አንዴ ተንገዳግዶ ሊጥላቸው ሲል ቄሱ አንገቱን አንቀው ያዙት፤ ዳር የቆሙት ሴቶችም ሳቃቸውን በመሐረባቸው አፈኑ።

እኛ የሴንት-ማሪ ሰላጤ ሰዎች ቄስ የምናየው በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም ነፋሱ ከፈቀደ። እስከዚያው የተወለደውን የሚያጠምቀው፣ የሞተውን የሚቀብረው፣ የተፈቃቀደውን እጅ ለእጅ የሚያያይዘው ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠው አያ ኢሌር ነው። ቄሱ ሲመጡ የተደረገውን ሁሉ ያጸድቁታል። አንድ ነገር ግን ከአያ ኢሌር አቅም በላይ ሆኖ ወደ ጳጳሱ ተልኮ ነበር። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ባሕር ዳር የወጣው የሱን መልስ ለመስማት ነው።

ባዚል ቄሱን ደረቅ መሬት ላይ አውርዶ ወደ እናቱ መጣ። ጫማውን ሲቀበላት ቀና ብሎ አላያትም።

«ጠየቅኋቸው» አላት።

«እና ምን አሉህ?»

«'መጀመሪያ መሬት አድርሰኝ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ' አሉኝ።» ከእግሩ ላይ ጭቃውን በጣቱ ጠረገ። «እሺ ቢሆን ኖሮ ጀርባዬ ላይ ሆነው ይነግሩኝ ነበር፣ እማ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባዚል ሉዲቪን ከሟች ባሏ ከኤቲየን ሌዠን የወለደችው ነው። የሚወዳት ልጅ ኦዚት ደግሞ የሉዲቪን ወንድም የአማብል ኮሞ ልጅ ናት። የእህትና የወንድም ልጆች ናቸው ማለት ነው፤ እንዲህ ላሉት ጳጳሱ ራሳቸው ካልፈቀዱ በቀር ጋብቻ የለም። አብረው አላደጉም። በመበተኑ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ወታደሮች መንደራችንን አቃጥለው በመርከብ እየጫኑ በየወደቡ ሲያራግፉን፣ ሁለቱም ቤተሰቦች ማሳቹሴትስ ደረሱ። ባዚልን ግን ገና በልጅነቱ ከእናቱ እጅ ነጥቀው ለሌላ ከተማ ገበሬ ሰጡት። ኦዚትን ያወቃት ሁላችንም በእግራችን ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በጫካው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሴት አላየም።

ማሳቹሴትስ ሳለን የየከተማው ጸሐፊ ስማችንን እንደመሰለው ይጽፈው ነበር። ሌዠን በኛ በፈረንሳይኛው ወጣቱ ማለት ነውና፣ አንዱ ወደ ራሱ ቋንቋ መልሶ ያንግ አደረገው። ኮሞን አንዱ ኩማ፣ ሌላው ካሞ አለው። በወረቀት ቢኬድ ባዚል ያንግና ኦዚት ኩማ በመንገድም ተያይተው አያውቁም። ይህን ያስተዋለ አንድ ቀልደኛ ጎረቤት፣ የእንግሊዙን ወረቀት ለጳጳሱ ላኩላቸውና ተገላገሉ ብሎ መክሯቸው ነበር። እምቢ ያለችው ኦዚት ናት። እንግሊዝ በሰጠኝ ስም አልዳርም፣ የአማብል ኮሞ ልጅ ነኝ አለች። ስለዚህ ልመናው በእውነተኛ ስማቸው ሄደ፤ መልሱም ይኸው መጣ።

መልሱን የሰሙት የኦዚት እናት ቴዎቲስት ቤት ነው። ባዚል የቅዳሴውን ሳጥን ሊያወርድ ወደ ጀልባው ተመልሷል። አባ ሎርሚየ እግራቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው ተቀመጡ። አያ ኢሌር በሩ አጠገብ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሉዲቪን አልጋው ጫፍ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ቴዎቲስት ከድስቱ አጠገብ አልራቀችም፤ የጥንቸል ሾርባዋን ታማስላለች። ኦዚት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ነገሩን ለመቀበል በቀለለ ነበር። ጳጳሱ አለመፍቀዳቸውን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ከዚያም የባሰውን ጨመሩ፤ ሁለቱ በአንድ ዳርቻ መኖር የለባቸውም። ባዚል ከነገ ወዲያ ከሳቸው ጋር በጀልባው ተሳፍሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ደሴቶች ይሄዳል፤ ልጅቱ ሌላ ባል ሳታገባም አይመለስም።

ኦዚት አላለቀሰችም። ሌላ ባል እንደማታገባ፣ ይህንንም ለጳጳሱ እንዲነግሩላት በትሕትና ጠየቀች። ቴዎቲስት ማማሰያውን አስቀመጠችና ባልዲውን አነሳች።

«ውሃ አልቋል» አለቻት። «ምንጩ ድረስ ሂጂልኝ።»

ኦዚት ወጣች። ሉዲቪን ግን ከምድጃው ኋላ ሌላ ባልዲ እስከ አፉ ሞልቶ ተቀምጦ አየችና ግራ ገባት።

የልጅቱ የእግር ኮቴ እስኪርቅ ቴዎቲስት በሩን ስታይ ቆየች። ከዚያ እጇን በሽርጧ አደረቀች።

«አባ» አለች፣ «ኦዚት የአማብል ልጅ አይደለችም።»

አያ ኢሌር ሳል ያዘው። የቄሱ ፊት ቀላ። እሳቸው የገመቱትን ሉዲቪንም ገምታ ደሟ ፈላ። ወንድሟ ሞቶም አልማረችውም ማለት ነው? ከአልጋው ጫፍ ብድግ ስትል ቴዎቲስት ዘወር ብላ አየቻት።

«የኔም አይደለችም፣ ሉዲቪን» አለች። «ተቀመጪ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ልናገረው።»

የተናገረችው ይህን ነው። ወታደሮቹ የድሮ መንደራችን ግራን-ፕሬ መጥተው ወንዱን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲቆልፉ የየቤቱን ሰው ቆጥረው ይዘው ነበር። የአማብል ቤት ባልና ሚስት፣ ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት ተባለ። አማብልን ከሌሎቹ ወንዶች ጋር ቀድመው መርከብ ላይ አወጡት። ሌላው መርከብ እስኪመጣ ሲጠበቅ ገና መራመድ የጀመረችውን ሴት ልጇን፣ ኦዚትን፣ ተቅማጥ ያዛት። ቄስም ተወስዶ፣ መዝገቡም የት እንደገባ ጠፍቶ ስለነበር ቴዎቲስት ልጇን በገዛ እጇ ከፖም ዛፉ ሥር ቀበረቻት። ለማንም አልተናገረችም፤ ለማንስ ትናገር፣ ሰው ሁሉ የራሱን ያለቅስ ነበር።

መርከቡ መጥቶ ሴቶቹን ወደ ባሕሩ ሲነዷቸው ከካናር ወንዝ ማዶ የመጣች አንዲት ሴት ከቴዎቲስት ጋሪ አጠገብ ትሄድ ነበር። ትንሿ ልጇ መራመድ ስላቃታት ቴዎቲስት ከሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ጋር ጋሪው ላይ ከተዘረጋው ፍራሽ ላይ አወጣቻት። ባሕሩ ዳር ግፊያ ሆነ። ወታደሮቹ ሴትዮዋን ወደ ሌላ ጀልባ ገፈተሯት፤ ልጄን ብትል የሚሰማት አጣች፤ ጀልባው ሄደ። ወዲያው አንዱ ወታደር ወደ ቴዎቲስት መጥቶ በያዘው ወረቀትና በጋሪው መካከል ዓይኑን አመላለሰ። ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት። ልኩ ነው።

«ስሟን ጠየቀኝ» አለች ቴዎቲስት። «የኔ አይደለችም ብል እዚያው ጭቃ ላይ ይተዋታል። ኦዚት አልኩት።»

ሾርባው ይንተከተካል። አባ ሎርሚየ ግንባራቸውን አሹ። ይህን የሚያውቅ ማን እንዳለ ጠየቁ። አማብል ብቻ ነበር፤ ማሳቹሴትስ ሲገናኙ ነግራዋለች፣ እሱንም እዚያው ቦስተን ፈንጣጣ ወሰደው። ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አለች? ልመናው ሲላክስ? ቴዎቲስት ይህን ስትመልስ ብቻ ድምፅዋ ተሰበረ። ጳጳሱ እሺ ይሉ ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። እሺ ቢሉ ልጅቱ ትዳር ይዛ፣ የኔ እንደሆነች ትቀርልኝ ነበር አለች።

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለፈው ዓመት በሌላ መንደር አንድ አባት ልክ እንዲህ ያለ ነገር በወንጌል ምሎላቸው፣ አምነው አጋብተው፣ ኋላ ውሸት ሆኖ በጳጳሱ ፊት አፍረዋል። እናት ለልጇ ስትል የማትለው የለም አሉ። እንደማያምኗት አይደለም፤ ግን በሷ ቃል ብቻ አጋብተው ነገ ጋብቻው ቢፈርስ፣ የሚወለዱት ልጆች ምን ይባላሉ?

«ከሁለታችሁ ቤት ያልሆነ ሰው ያየው ነገር ካለ ስጪኝ» አሏት። «ከሌለ ባዚል ከኔ ጋር ይሄዳል።»

ሉዲቪን ይህን ሁሉ ስትሰማ በልቧ የነበረው ቁጣ ብቻ ነበር፤ ለምን እንደተቆጣች ለመናገርም ያሳፍራል። ኦዚት ለሷ የልጇ ወዳጅ ብቻ አይደለችም። ከአማብል በምድር ላይ የቀረች እሷ ናት። ዦዜፍና ማሬን፣ ሁለቱ ወንዶች፣ ሞተዋል። ሉዲቪን ተድራ የሄደችው ራቅ ወዳለ መንደር ስለነበር፣ የወንድሟን ሴት ልጅ መጀመሪያ ያየቻት ማሳቹሴትስ ነው። ሰው ሁሉ ልጅቱን ሲያይ የአባቷ አገጭ አላት ይል ነበር፤ ከሁሉም አብዝታ ያለችው ሉዲቪን ራሷ ናት። እኛ ሰዎች አገጭ ማየት ስንፈልግ አገጭ አናጣም። አሁን ቴዎቲስት በአንድ ቃል ያን አገጭ ወሰደችባት፤ ወንድሟንም ሁለተኛ ጊዜ ቀበረችው።

ውሸት በሆነ ብላ ተመኘች። ውሸት መሆኑን የሚያሳይ ነገር ለማግኘት ማሳቹሴትስ የነበሩበትን ቤት በሐሳቧ በረበረችው። ከተማው ሁለቱን ቤተሰቦች አንድ ቤት ውስጥ ከቷቸው ስለነበር አንድ ምድጃ፣ አንድ ገበታ ነበራቸው። የኛ ሰው ሙታኑን በስም ሳይጠራ ማንኪያ አያነሳም። የቤቱ እናት ትጠራለች፣ ሌላው ነፍሱን ይማር እያለ ይመልሳል። ተራው የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ የቀደሙት ወላጆች፣ ቀጥሎ ባል፣ በመጨረሻ ልጆች፣ እነሱም በተወለዱበት ተራ። ይህን የሚያፋልስ የለም፤ ሕፃናትም በተራው ነው ቤተሰባቸውን የሚያውቁት።

የቴዎቲስት ድምፅ መጣላት። እናቴ ኦዚት። ባሌ አማብል። ልጆቼ ዦዜፍ፣ ማሬን። ኦዚት።

ሉዲቪን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያን የመጨረሻውን ስም በየማታው ሰምታዋለች። የሞተችው የቴዎቲስት እናት ኦዚት ትባል ስለነበር፣ ሐዘን የጎዳት ሴት የጀመረችበትን ስም ደግማ ትዘጋለች ብላ ነበር የምታስበው። እንዲያውም አንድ ማታ፣ እናትሽን ሁለት ጊዜ ጠራሻት ብላ አርማታለች። ቴዎቲስት ያን ማታ ምንም አልመለሰችም። በማግሥቱ እንደ ልማዷ ጠራች፤ ስሙንም በዚያው በልጆቹ ቦታ፣ ከማሬን ቀጥሎ።

እውነት ነው ማለት ነው። ይህን የምታውቀው ደግሞ ከቴዎቲስት ሌላ እሷ ብቻ ናት። ዝም ብትል የሚጠይቃት የለም። ባዚል ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይመለሳል፣ ሌላ ያገባል፤ ወንዶች ያገባሉ። ኦዚትም የአማብል ልጅ ሆና ትኖራለች። ሉዲቪን ይህን አሰበች፤ አሰበችው ብቻ ሳይሆን ፈለገችው፤ ቄሱ ባርኔጣቸውን ሲያነሱ አፏን አልከፈተችም።

ከዚህ ሐሳብ ያስቆማት አማብል ራሱ ነው። ፈንጣጣው ሲበረታበት ከደጃፍ ቆማ ነበር ያነጋገረችው፤ መቅረብ ተከልክላለች። ያኔ ልጄን አደራ አላላትም፤ ኦዚትን አደራ ነው ያላት። የሚሞት ሰው በዚያ ሰዓት ቃል የሚመርጥ አይመስላትም ነበር። አሁን ግን አውቆ የተናገረው ሆኖ ታያት። የማን እንደሆነች እያወቀ ነው አደራ ያላት።

«አባ፣ ቆይ አይሂዱ» አለች ሉዲቪን። «እኔ የማውቀው ነገር አለ። ግን እኔ ብነግርዎ የልጁ እናት ነሽ ይሉኛል። ኦዚትን ይጠይቋት። ከኛ ማንም ሳያናግራት፣ ማታ ማታ ከማዕድ በፊት የሚጠራውን ስም በተራው ትጥራልዎ። ሌላ ምንም አይጠይቋት።»

ቴዎቲስት ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ምድጃው ጥግ ሄዳ ተቀመጠች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው መለሰች።

ኦዚት ባልዲዋን ይዛ ገባች። ቄሱ ባልዲውን ራሳቸው ተቀብለው አስቀመጡላትና ሉዲቪን እንዳለችው ጠየቋት። ልጅቱ ያልተገባ ጥያቄ መስሏት ወደ እናቷ ጀርባ ተመለከተች፤ ቢሆንም ቄስ ናቸውና እጇን አጣምራ ጠራች።

«አያቴ ኦዚት። አባቴ አማብል። ወንድሞቼ ዦዜፍ፣ ማሬን።» ትንፋሽ ሳትወስድ፣ «ኦዚት» አለች።

«የመጨረሻዋ ማናት?»

«አላውቅም፣ አባ። አያቴ ትሆናለች።»

«አያትሽን መጀመሪያ ጠርተሻታል።»

ኦዚት በልጅነቷ አንዴ ጠይቃ እንደነበር፣ እናቷም እሷም የኛው ናት፣ ነፍሷን ይማር በዪ ብላ እንደዘጋቻት ተናገረች። የራሷን ስም ከሙታን ጋር መስማት ልጅ ሳለች ያስፈራት ነበር፤ ኋላ ለመደችው። ይህን እየተናገረች ሳለ የቴዎቲስት ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየች። ባልዲውን ዞራ አልፋ እናቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ቴዎቲስት ፊቷን ሳትመልስ ሁሉንም እንደገና ነገረቻት፤ ይህን ጊዜ ግን በሹክሹክታ ነው፣ ለልጅቱ ብቻ።

ሉዲቪን ልጅቱ ትጮሃለች፣ ትሸሻለች ብላ ጠብቃ ነበር። ኦዚት ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እሷ ስሜን ምን ነበር የምትለው? ያቺ ሴትዮ።»

«አልሰማሁትም» አለች ቴዎቲስት። «ከጀልባው ላይ ትጠራሽ ነበር። ነፋሱ ወደ ባሕር ነበር የሚነፍሰው፣ ልጄ። ብዙ ጊዜ ጠራችሽ፤ አልሰማሁትም።»

የምታውቀው የሴትዮዋን ባል ስም ብቻ ነው፤ ዢል ትራሃን። ቄሱ ልጅቱ ሳታውቅ በጠራችው ተራ አምነዋል፤ ይህን ሲሰሙም ቦርሳቸውን ከፍተው ከየወደቡ ካሉ ካህናት የተላከላቸውን የተበተኑ ሰዎች ስም ዝርዝር መበርበር ጀመሩ። ቤቱ ውስጥ ብርሃን ስላነሰ በሩን ከፍተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ባዚልም እዚያው ደረሰ፤ ጭቃው እግሩ ላይ ደርቋል፤ አያ ኢሌር ጆሮው ላይ የሆነውን ሲነግረው እንደ ደነቆረ ሰው ሦስት ጊዜ አስደገመው።

ትራሃን የሚለው ስም የተጻፈው እንደየአገሩ ጸሐፊ ነው። ከቨርጂኒያ ተባርረው እንግሊዝ አገር ከተወሰዱት ውስጥ አንድ ጊልስ ስትራን አለ። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ጃይልስ ትሬን። ስፔናውያን በያዙት በሉዊዚያና አንድ ሂል ትራጋን። አንደኛው ባለ ሚስት ነው ይላል፣ ሁለተኛው አናጢ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ምንም አይልም። ሦስት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ሰው ከወደብ ወደብ ሲንከራተት ሦስት ጊዜ ተጽፎም ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ አንዱም ላይሆን ይችላል። ኦዚት ከቄሱ ትከሻ በላይ አጎንብሳ፣ ማንበብ ባትችልም፣ ጣታቸው ያረፈበትን ቀለም ትመለከት ነበር።

ቄሱ ትራሃኖች ከሌዠን ጋር ዝምድና እንዳላቸው አያ ኢሌርን ጠየቁት። እኛ ዘር መቁጠርን መመንጠር እንለዋለን፤ ጫካውን ከሥሩ እየነቀሉ መሬቱን እንደማውጣት ነው። አያ ኢሌር ዓይኑን ጨፍኖ መነጠረ። ዢል የክሎድ፣ ክሎድ የአሌክሳንደር እያለ ወረደ፤ አንድ ቦታ ተሳስቶ ወደ ሌላ ዘር፣ ወደ ሜላንሶኖች ገባ፣ ሉዲቪን መለሰችው፣ ተቆጣት፣ ደግሞ ጀመረ። በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠ። እስከ አራተኛው ትውልድ የሚያገናኝ ሐረግ የለም አለ። አባ ሎርሚየ ቴዎቲስትን በወንጌል አስማሏት። ለጳጳሱ የምመልሰውን መልስ እንግዲህ እኔ ልጨነቅበት አሉና ብዕራቸውን አነሱ።

«በማን ስም ልጻፍሽ?»

ኦዚት ወደ ቴዎቲስት፣ ከዚያ ወደ ሉዲቪን አየች። የዢል ትራሃን ልጅ፣ በአማብል ኮሞ ቤት ያደገች ተብሎ ይጻፍልኝ አለች። ቄሱ ጻፉት። ትራሃን የሚለውን እንደራሳቸው ጆሮ ስለጻፉት አራተኛ ዓይነት ሆነ።

በማግሥቱ ጠዋት ተጋቡ። ገበታው የተዘረጋው ከቴዎቲስት ቤት ደጃፍ፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ነው፤ በጀልባ ሳንቃ የተሠራ ረዥም ገበታ። ከትላንት በተረፈው ሾርባ ላይ ጥንቸል ተጨምሮ በዝቷል፤ አንዱ ጎመን፣ ሌላው የጨው ዓሣ፣ ሌላው ከጥድ ቅጠል የተጠመቀ ቢራ ይዞ መጥቷል። ወሬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ደርሶ ስለነበር ሰው ሁሉ ሙሽራይቱን እያየ አገጯን በአዲስ ዓይን ይመረምር ነበር። ሉዲቪን ከቴዎቲስት ጎን ተቀመጠች። ከትላንት ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። እጃቸው ግን ዳቦውን ሲቆርስ እንደ ድሮው አንዷ ትይዛለች፣ አንዷ ትቆርሳለች።

ሰው ሁሉ ቆመ። የምትጠራው የቤቱ እናት ናት።

«እናቴ ኦዚት» አለች ቴዎቲስት።

«ነፍሷን ይማር።»

«ባሌ አማብል።»

«አባቴ» አለች ኦዚት፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሰው ነፍሱን ይማር ሲል ሉዲቪን አብራ ማለት አልቻለችም። ከጎኗ ያለውን የቴዎቲስት ክንድ ያዘች።

«ልጆቼ ዦዜፍ፣ ማሬን» አለች ቴዎቲስትና አቋረጠች። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ሳያውቅባት የጠራችውን ስም፣ ሰው ሁሉ አውቆ ሲጠብቃት መጥራት አቃታት።

«ኦዚት» አለች ኦዚት። «እህቴ።»

«ነፍሷን ይማር» አለ ገበታው ሁሉ። ከፖም ዛፉ ሥር ለተኛችው ሕፃን ይህ ሁሉ ሰው ሲጸልይላት የመጀመሪያው ነው። ቴዎቲስት ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በዪ አላላትም።

ሰው ሊቀመጥ ሲል አያ ኢሌር እጁን አነሳ። እሱ የተጀመረ ነገር ሳይጨረስ አይወድም። ሙሽራይቱ የወለዷትንም መጥራት አለባት፤ ዢል ትራሃንን፣ ሚስቱንም፣ ስሟ ባይታወቅም የዢል ሚስት ብሎ መጥራት ይቻላል አለ። ሁሉም ወደ ኦዚት ዞረ። ባዚል እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ።

ኦዚት ባሕሩን አየች። ሞልቶ ነበር፤ የቄሱ ጀልባ ከገመዷ ጋር እየታገለች ትወዛወዛለች። ልጅቱ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ጭልፋውን አነሳችና የቴዎቲስትን ሳህን ወደ ራሷ ሳበች።

«ሞቱ ያለኝ ሰው የለም፣ አያ» አለች። «ብዪ እንጂ እማ፣ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝብሽ።»